የጨረቃ ግርዶሽ ከመንዝ ደጋ ሲታይ

የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆነው ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል ስትገባና ጥላዋ በጨረቃ ላይ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ ጨረቃ ከሞላችበት ሌሊት ውጭ አይደርስም፤ ፀሐይና ጨረቃ ምድርን መሐል አድርገው ፊት ለፊት የሚተያዩት በዚያች ሌሊት ብቻ ነውና። ጨረቃ በየወሩ እየሞላች ግርዶሹ በየወሩ የማይመጣው፣ እሷ ምድርን የምትዞርበት ምሕዋር ምድር ፀሐይን ከምትዞርበት ምሕዋር 5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ያለ በመሆኑ ነው። ብዙውን ጊዜ ሙሉ ጨረቃ ከጥላው በላይ ወይም በታች አልፋ ትሄዳለች። ሁለቱ መንገዶች በሚቋረጡበት አካባቢ ስትሞላ ብቻ ጥላው ያገኛታል፤ ለዚህ የሚያመቸው ወቅትም ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ይመላለሳል።

የምድር ጥላ ሁለት እጅ አለው። የውጭው ስስ ጥላ የፀሐይን ብርሃን በከፊል ብቻ ስለሚከለክል ጨረቃ ስትገባበት ዓይን እምብዛም ለውጥ አያይም። የውስጠኛው ድፍን ጥላ ግን ብርሃኑን በቀጥታ ይዘጋል። ይህ ጥላ ከምድር ጀርባ እየጠበበ ሄዶ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ያልቃል። ጨረቃ በምትገኝበት በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ወርዱ ወደ 9,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ የጨረቃ ወርድ ደግሞ 3,474 ኪሎ ሜትር። ጨረቃ በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትጓዝ የራሷን ወርድ ያህል ለመሄድ አንድ ሰዓት ይፈጅባታል፤ ሙሉ በሙሉ ተሸፍና የምትቆይበት ጊዜም እስከ 107 ደቂቃ ሊዘልቅ ይችላል። የፀሐይ ሙሉ ግርዶሽ ግን ቢበዛ ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው።

ሌላም ትልቅ ልዩነት አላቸው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የፀሐይ ቀለበታዊ ግርዶሽ ኢትዮጵያን ሲያቋርጥ፣ ፀሐይ ቀለበት ሆና የታየችው ላሊበላን በመሰሉ በጠባቡ መንገድ ላይ ባሉ ቦታዎች ብቻ ነበር፤ የተቀረው አገር ያየው የተጎረሰች ፀሐይ ነው። የጨረቃ ግርዶሽ እንዲህ አያዳላም። ጥላው በጨረቃዋ በራሷ ላይ ስለሚያርፍ፣ በዚያ ሰዓት ጨረቃ ከአድማስ በላይ የምትታየው ሰው ሁሉ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በአንታርክቲካ፣ ያንኑ ግርዶሽ በዚያችው ደቂቃ ያያል። ለዓይንም አያሰጋም፤ መነጽርም ሆነ ቴሌስኮፕ የግድ አይደለም።

እንዲህ ከሆነ የመመልከቻው ቦታ ምን ለውጥ ያመጣል? ለውጡ የሚመጣው ከአድማሱ፣ ከአየሩና ከሁሉም በላይ ከጨለማው ነው። በሰሜን ሸዋ ከፍታ ላይ ያሉት የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ አገሮች በእነዚህ ነገሮች የታደሉ ናቸው። የመንዝ ደጋ በምሥራቅ በኩል በድንገት ተቆርጦ ወደ ኤፍራታና ግድም ቆላ፣ ከዚያም ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። በምዕራብ ደግሞ የጀማና የወንጪት ወንዞች መሬቱን ቆርሰው ጥልቅ ሸለቆ አበጅተዋል፤ የመርሐቤቴ ዋና ከተማ ዓለም ከተማ ያለችው በእነዚህ ሸለቆዎች መካከል ነው። በሰሜን ግሼ ራቤል አለ። ከሁሉ ከፍ ያለው በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ጓሳ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ሲሆን ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሣ የሚሆነው የጓሳ ሣር እንዳይመናመን የአካባቢው ሕዝብ ቄሮ በተባለው ባህላዊ ሥርዓት አማካይነት ለመቶዎች ዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል። ያ ጥበቃ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን እስከ ዛሬ አቆይቷል፤ የሌሊቱን ጨለማም አብሮ አቆይቷል። ዛፍ የሌለበት፣ በሣርና በቁጥቋጦ የተሸፈነ፣ ሌሊቱ የሚያንቀጠቅጥ ሜዳ ስለሆነ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የዋልታ አገሮችን ገጽታ የሚያስታውስ ቦታ ቢፈለግ ከጓሳ ብዙ መራቅ አያሻም።

በዚያ ከፍታ ከሰው ራስ በላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ብርሃን የሚበትነው አቧራና እርጥበት በብዛት የሚገኘው ደግሞ በታችኛው አየር ውስጥ ስለሆነ፣ ጨረቃ ገና ከአድማስ ብቅ ስትል እንኳ ከቆላው ይልቅ ጠርታ ትታያለች። ከምሥራቁ ገደል አፋፍ የቆመ ሰው ወደ ቆላው ቁልቁል ስለሚመለከት አድማሱ ከዓይኑ ትክክል ዝቅ ይልለታል፤ በዚህም ምክንያት ጨረቃዋን ሜዳ ላይ ካለ ሰው ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ያያታል። በጀማ ሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው ዕጣ ግን ተቃራኒ ነው፤ ገደሉ ስለሚጋርደው ጨረቃ የምትደርሰው በጣም ዘግይታ ነው። ግርዶሹ ጨረቃ ስትወጣ ወይም ስትጠልቅ የሚውል ከሆነ ይህ ልዩነት ትርኢቱን በማየትና በማጣት መካከል ያለ ልዩነት ይሆናል።

የግርዶሽ ሌሊት እንዴት እንደሚሄድ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው ግርዶሽ ጥሩ ማሳያ ነው። በዚያ ምሽት ጨረቃ ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ወደ ስሱ ጥላ ገባች። ከ1 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ልብ ብሎ ላያት አንደኛው ጎኗ ጢስ የነካው ይመስል ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ ድፍኑ ጥላ ደረሰባት። በመንዝ በኩል ጨረቃዋ በምሥራቅ፣ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ነበር። ጨረቃ በምሕዋሯ የምትጓዘው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ጥላውን የሚነካው የፊተኛው የምሥራቅ ጎኗ ነው፤ በመውጣት ላይ ባለች ጨረቃ ደግሞ ይህ ጎን ወደ መሬት የዞረው ነው። ጨለማው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚበላት ለዚህ ነው። የጥላው ጠርዝ ቀጥ ያለ ሳይሆን ክብ ቅስት ነው። አሪስቶትል ምድር ክብ ለመሆኗ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ቅስት ነበር፤ ጨረቃ በየትኛውም ከፍታ ላይ ብትሆን ቅስቱ አይለወጥም፣ ከሁሉም አቅጣጫ ክብ ጥላ የሚጥል ነገር ደግሞ ሉል ብቻ ነው።

ለአንድ ሰዓት ያህል የተሸፈነው ክፍል ጥቁር መስሎ ይቆያል፤ ከጎኑ ያለው ብሩህ ክፍል ዓይንን ስለሚያሸንፈው ነው። ብርሃኑ ቀጥኖ ማጭድ ሲያህል የተሸፈነው ክፍል ቀለም ማውጣት ይጀምራል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻዋ የብርሃን ጭላንጭል ጠፋች፤ ጨረቃም ለ82 ደቂቃ በሙሉ ጥላ ውስጥ ቆየች። በግርዶሹ መሐል፣ 3 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ፣ ከአድማስ 40 ዲግሪ ገደማ ደርሳ ነበር፤ ሳተርንም ከአጠገቧ ነበረች። ከዚያ ሁሉም ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ድፍኑ ጥላ ጨረቃዋን ጨርሶ የለቀቃት 5 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው።

ሙሉ በሙሉ የተሸፈነች ጨረቃ ከዓይን የማትጠፋው ምድር ከባቢ አየር ስላላት ነው። በምድር ዙሪያ አየሩን ሰንጥቆ የሚያልፈው የፀሐይ ብርሃን ጎበጥ ብሎ ወደ ጥላው ውስጥ ይገባል። ሰማያዊው ብርሃን በመንገድ ላይ ተበትኖ ይቀራል፤ ቀዩ ያልፋል። በዚያች ደቂቃ በምድር ዙሪያ ሁሉ ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ቦታ ያለው ቅላት ተሰብስቦ ጨረቃ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው ቢኖር የሚያየው ጥቁር ምድርን፣ በዙሪያዋም ቀጭን ቀይ ቀለበት ነበር። በጥላው ጠርዝ አካባቢ አንዳንድ ጊዜ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስስ ቀለም ይታያል፤ ይህም በኦዞን ንጣፍ በኩል ያለፈው ብርሃን ነው።

ቅላቱ በሁሉም ግርዶሽ አንድ አይደለም። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንድሬ ዳንዦን ከ0 እስከ 4 የሚደርስ መለኪያ አበጅቶለታል፤ 0 ጨረቃዋ ልትጠፋ የደረሰችበት ጨለማ፣ 4 ደግሞ ደማቅ ብርቱካናማ ነው። ሰኔ 1983 ዓ.ም. በፊሊፒንስ የፈነዳው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ከፍተኛውን አየር በጭጋግ ሞልቶት ስለነበር፣ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ኅዳር 30 ቀን 1985 ዓ.ም. ሌሊት የደረሰው ግርዶሽ እጅግ የጠቆረ ሆነ። እንዲህ ያለውን ደረጃ ለመስጠት የሚያስፈልገው ንጹሕ ሰማይና ጨለማ የለመደ ዓይን ብቻ ነው፤ የመንዝ እረኛም ሆነ የመሐል ሜዳ ተማሪ መዝግቦ ሊያስቀምጠው የሚችል ነገር ነው።

ብዙ ሰው ስለ ቀይ ጨረቃ እያወራ የሚዘነጋው ግን ሌላ ትርኢት አለ፤ ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነው። በሙሉ ጨረቃ ሌሊት ጓሳ ላይ ሣሩና ድንጋዩ ተለይቶ ይታያል፣ ሰው ያለ ባትሪ ይሄዳል፣ ከሰማይ ግን ደማቆቹ ኮከቦች ብቻ ይቀራሉ። ግርዶሹ ሙሉ ሲሆን የጨረቃዋ ብርሃን ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ ይቀንሳል። ያኔ የሰውየው ጥላ ከመሬት ላይ ይጠፋል፤ ኮከቦች አንድ በአንድ፣ በኋላም በጅምላ ይወጣሉ፤ ፍኖተ ሐሊብ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ይታያል። በአንድ ሌሊት ውስጥ የሙሉ ጨረቃ ሰማይና ጨረቃ የሌለባት ሰማይ ይፈራረቃሉ። አዲስ አበባ ላይ ጨረቃዋ እንደ መንዟ ትቀላለች፤ ሰማዩ ግን የመንገዱና የሕንፃው መብራት ስለሚያነጣው አይጨልምም። በእንጦጦ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የምርምር ማዕከል ሳለ፣ ለወደፊቱ ትልቅ መመልከቻ የላሊበላ ተራሮች የተጠኑትም ጨለማ ስለሚፈለግ ነው። መንዝ ለከተማው ነዋሪ የጎደለው ይህ ጨለማ አለው፤ መብራት ሲዘረጋ ወደ ታች ብቻ እንዲያበራ ማድረግ ከአሁኑ ቢታሰብበት ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል።

ይኸው ግርዶሽ ከምድር ዋልታዎች ሲታይ መልኩ ይለወጣል። በደቡብ ዋልታ ላይ የሚገኘው የአሜሪካ የአሙንድሰን-ስኮት ጣቢያ በውፍረቱ በሚታወቀው የአንታርክቲካ በረዶ ላይ ስለተሠራ ከፍታው 2,835 ሜትር ነው፤ ከደብረ ብርሃን ከተማ ከፍታ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። እዚያ ፀሐይ በዓመት አንድ ጊዜ ወጥታ አንድ ጊዜ ትጠልቃለች። ጨረቃም ሁለት ሳምንት ያህል ሳትጠልቅ ትቆይና ሁለት ሳምንት ያህል ትሰወራለች። ፀሐይ በሌለችበት ወራት ሙሉ ጨረቃ ምንጊዜም ከአድማስ በላይ ናት፤ ከፀሐይ ትይዩ ስለምትቆም ፀሐይ ወደ ታች በወረደች መጠን እሷ ወደ ላይ ትወጣለች።

ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. የደረሰው ግርዶሽ ለ103 ደቂቃ ሙሉ ሆኖ ስለቆየ በዚህ በእ.ኤ.አ. 21ኛው ክፍለ ዘመን ረጅሙ ነው። ጨረቃ ያኔ በመንዝ ሰማይ ከ48 ወደ 60 ዲግሪ እየወጣች ነበር፤ ነገር ግን ሐምሌ ነው፣ ደጋው በጉምና በደመና የሚሸፈንበት ወር ነው። በደቡብ ዋልታ ግን ጨረቃዋ 19 ዲግሪ ላይ ሆና፣ ከፍም ዝቅም ሳትል፣ አድማሱን እየተከተለች በጎን ትሄድ ነበር። በ103 ደቂቃ ውስጥ በአድማሱ ዙሪያ 25 ዲግሪ ያህል ተጓዘች። ጥላውም ከታች ሳይሆን ከቀኝ ጎኗ ጀመራት። በሰሜን ዋልታ ቢሆን ከግራ ይጀምር ነበር። የሐምሌ ቅዝቃዜው በዚያ ጣቢያ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ገደማ ነውና፣ ግርዶሽን ሜዳ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ መመልከት ለሕይወት ያሰጋል።

በአገራችን የጨረቃን አካሄድ መቁጠር የቆየ ትምህርት ነው። ባሕረ ሐሳብ የጨረቃን ወር 29 እና 30 ቀን እያፈራረቀ ይቆጥራል፤ በ19 ዓመት ዑደትና በአበቅቴ አማካይነትም ከፀሐይ ዓመት ጋር ያስታርቀዋል። ሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 ጀምሮ ፀሐይና ጨረቃ የሚወጡባቸውንና የሚጠልቁባቸውን መስኮቶች፣ የጨረቃ ብርሃን እየጨመረና እየቀነሰ የሚሄድበትንም መጠን ይዘረዝራል። ይህን የተማረ ሊቅ ጨረቃ የምትሞላበትን ሌሊት ያለ ምንም መሣሪያ ያውቀዋል፤ ይህም ግርዶሽ ሊሆን የሚችልባቸውን ሌሊቶች ማወቅ ነው። ሰሜን ሸዋ ሰማይን የማስተዋል ታሪክም አለው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት በሰማይ ብርሃን ከታየ በኋላ ነው፤ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ብርሃኑን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያገናኙታል።

ለደጋው ተመልካች ዋናው ፈተና ክረምት ነው። የ2003ቱ ረጅም ግርዶሽ ሰኔ 8፣ የ2010ሩ ሐምሌ 20፣ የ2017ቱ ጳጉሜን 2 ነበሩ፤ ሦስቱም በዝናብ ወራት ዋሉ። ሆኖም የግርዶሽ ወቅት በአንድ ቦታ አይቆምም፤ በየዓመቱ 19 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። በዚህም ምክንያት ወቅቶቹ ከክረምት ወደ በጋ እየተሻገሩ ነው። ነሐሴ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ያለው ከፊል ግርዶሽ ገና ክረምት ሳይወጣ ይደርሳል፤ በኢትዮጵያ የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ላይ ስለሆነ፣ ጨረቃዋ ግማሿ እንኳ ሳይሸፈን በምዕራብ ትጠልቃለች። ለሱ የሚመረጠው በጀማ ሸለቆ በኩል ያለው የምዕራቡ አፋፍ ነው።

በጋውን የሚያገኘው ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. የሚሆነው ሙሉ ግርዶሽ ነው። ይህ ግርዶሽ ዘመድ አለው። ግርዶሾች ከ18 ዓመት ከ10 ወይም ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ በኋላ ተመሳሳይ ሆነው ይመለሳሉ፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 2003 ዓ.ም. የደረሰው የእሱ ቀዳሚ ነው። ያኔ በኢትዮጵያ ረፋድ ስለነበር ማንም አላየውም፤ በሰሜን ዋልታ ግን የዓመቱ ድቅድቅ ጨለማ ላይ ስለዋለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይታይ ነበር። ከዑደቱ የሚተርፈው 8 ሰዓት ምድርን አንድ ሦስተኛ ዙር ስለሚያዞራት፣ ተከታዩ በኢትዮጵያ ምሽት ላይ ይውላል። በግርዶሹ መሐል ጨረቃ በሰሜን ዋልታ 23 ዲግሪ፣ በመንዝ ደግሞ 24 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ትታያለች። እዚያ በአድማስ ዙሪያ ትዞራለች፣ እዚህ ከአፋር በኩል ወደ ላይ ትወጣለች። በደቡብ ዋልታ በዚያ ወቅት ፀሐይ ስለማትጠልቅ ሙሉ ጨረቃ አትታይም።

ጥላው የሚጀምረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ፣ ጨረቃ ከአድማስ ብቅ በምትልበት ሰዓት ነው። ሙሉ ግርዶሹ ከ1 ሰዓት ከ16 እስከ 2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ይቆያል፤ ድፍኑ ጥላ የሚለቃት 3 ሰዓት ከ36 ላይ ነው። ጅማሬውን ለማየት የሚያመቸው የምሥራቁ አፋፍ ነው፤ ቆላ ያሉት የመርሐቤቴ ቀበሌዎች የመጀመሪያውን ክፍል ገደሉ ሊያስቀርባቸው ይችላል። ጨረቃዋ ስትቀላ የኦሪዮን ኮከቦች ከእሷ በስተቀኝ ከፍ ብለው፣ ከሰማይ ኮከቦች ሁሉ ደማቅ የሆነው ሲሪየስም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይታያሉ። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚፈልግ የስልክ ብርሃን መራቅ አለበት። ፎቶ ለማንሳት ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ለጥቂት ሰከንዶች ብርሃን እንዲሰበስብ ማድረግ ይበቃል። የታኅሣሥ ሌሊት በመንዝ ውርጭ የሚጥልበት ስለሆነ በርኖስ ወይም ባና ሳይዙ መውጣት አይገባም። ይህ ያመለጠው ሰው በዓመቱ ታኅሣሥ 11 ለ12 አጥቢያ 2022 ዓ.ም. ሌላ ሙሉ ግርዶሽ ያገኛል፤ የሚውለው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ15 እስከ 8 ሰዓት ከ9 ደቂቃ፣ ጨረቃዋ ከአናት በላይ ቀርባ ባለችበት ሰዓት ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ሸለቆም አፋፍም እኩል ያዩታል።